ፕላትሌት ሲበዛ፦ የውጤት ወረቀቱ የሚናገረውና የማይናገረው

ባሕር ዳር ላይ ደም መመርመር ከቀድሞው በእጅጉ ቀሏል። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ በተለምዶ ሲቢሲ የሚባለው፣ ዛሬ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይሆን በግል ክሊኒኮችና ላቦራቶሪዎችም ይሠራል። ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሃያ ያህል ቁጥሮች ያወጣል፤ ከመደበኛው ባለፈው ቁጥር ጎን ደግሞ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን የሚያመለክት ፊደል ያትማል። ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይነሣና ለዘመድ፣ ሰፈር ውስጥ ለሚታወቅ የጤና ባለሙያ፣ ለቴሌግራም ቡድን ይላካል። የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ምንም አይደለም፣ ተዉት» ወይም «የደም ካንሰር ነው፣ ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዱት»።

በተለይ የፕላትሌት ቁጥር ከፍ ብሎ ሲገኝ እነዚህ ሁለት መልሶች ይፈራረቃሉ። አንዳንዴ የመጀመሪያው፣ አልፎ አልፎም ሁለተኛው ልክ ይሆናል። የሚያስቸግረው ሁለቱም ከቁጥሩ በቀር ምንም ሳይታይ መሰጠታቸው ነው። ከፍ ያለ ፕላትሌት በራሱ የበሽታ ስም አይደለም፤ እንደ ትኩሳት ምልክት ነው። ከበስተጀርባው ያለው የሆድ ትል ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ የመቅኒ በሽታም ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩን ማንበብ

ፕላትሌት፣ በአማርኛ ደም አርጊ ሕዋስ፣ የደም ሥር ሲቆረጥ ወይም ሲላጥ ተሰባስቦ ቀዳዳውን የሚደፍን ጥቃቅን የሕዋስ ቁራጭ ነው። የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው፤ ግዙፍ የመቅኒ ሕዋሳት ከአካላቸው እየቆረሱ ወደ ደም ይለቁታል። ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ምን ያህል መመረት እንዳለበት ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው ትሮምቦፖይቲን የተባለ፣ በአብዛኛው ጉበት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው።

የጤነኛ ሰው ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም (የአንድ ሚሊ ሊትር ሺህኛ) ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ማሽኑ ግን ቁጥሩን በሺህ አካፍሎ ስለሚያትም ወረቀቱ ላይ የሚታየው 780 ማለት 780,000 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «መደበኛው እስከ 450 ነው፣ የእኔ 780 ነው፤ ምን አላት ልዩነቷ» ይላል። ሦስቱን ዜሮ ጨምሮ ያነበበው ደግሞ ይደነግጣል። ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ የፕላትሌት መብዛት «ደም ብዛት» ከምንለው የደም ግፊት ጋር አንድ አይደለም፤ የግፊት ክኒን መዋጥም ቁጥሩን አይቀንሰውም።

ማሽኑም ይሳሳታል። ፕላትሌትን የሚለየው በአብዛኛው በመጠኑ ትንሽነት ስለሆነ፣ ብረት በማነሱ በጣም የኮሰሱ ቀይ የደም ሕዋሳት ወይም የተሰባበሩ ቁርጥራጮቻቸው በፕላትሌት ስም ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትክክለኛ እርምጃ ርካሽ ነው፤ ደሙን በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት። ይህ ስሚር የሚባለው ምርመራ የሚጠይቀው ጥሩ ቀለም፣ የሠለጠነ ዐይንና ትዕግሥት ነው። ማሽኑ ከገባ ወዲህ በየቦታው ችላ መባሉ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ማሽኑ የማያየውን የሚያሳየው እሱ ነው።

በጣና ዳርቻ ፕላትሌት የሚያበዙ ነገሮች

ፕላትሌታቸው ከፍ ብሎ ከሚገኝ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ፣ ከዐሥሩ ከስምንት የማያንሱት፣ መቅኒያቸው ጤነኛ ነው። መቅኒው የበዛውን የሚያመርተው ከውጭ ትእዛዝ ደርሶት ነው። ሐኪሞች ይህን «ምላሻዊ» መብዛት ይሉታል፤ ቀስቃሹ ሲታከም ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከቀስቃሾቹ ሁሉ እዚህ አካባቢ በመጀመሪያ መታሰብ ያለበት የብረት እጥረት ነው። በባዶ እግር እርሻ የሚውል ሰው የመንጠቆ ትል ከአፈር በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባበታል፤ ትሉ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ሲመጥ በየቀኑ የሚወጣው ጥቂት ቢሆንም በወራት ሲደመር የሰውነትን የብረት ክምችት ያራቁታል። ወር አበባ የሚበዛባት፣ በተከታታይ የወለደችና ያጠባች ሴትም እንዲሁ። የጨጓራ ቁስልና እሱን የሚያስከትለው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ሌላው ምንጭ ነው። ብረት ሲያንስ ሄሞግሎቢን ይወርዳል፣ ቀይ ሕዋሳት ይኮሰምናሉ፣ ፕላትሌት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጨምራል።

«ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይሰማል። ጤፍ ሲለካ ብረቱ ከፍተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ አንጀት በቀላሉ አይወስደውም። እህሉ ውስጥ ያለው ፊቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረትን አስሮ ይይዛል፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይህ ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ዘጌ ላይ ቡና ጓሮ እያለ «ቡና ተዉ» ብሎ መምከር አያዋጣም፤ ቡናውን ከምግብና ከብረት ክኒን አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ቡድን ኢንፌክሽንና የቆየ ብግነት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ከእነዚህ ዋነኛው ነው፤ ለሳምንታት ያስሳለው፣ ማታ ማታ የሚያልበውና የከሳ ሰው ፕላትሌቱ 600,000 ቢሆን ስለ መቅኒ ከማሰብ በፊት አክታው መመርመር አለበት። የመገጣጠሚያ ብግነት፣ በሰውነት ውስጥ የተደበቀ መግል፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ቃጠሎ፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ያልታወቀ የሆድ ወይም የሳንባ ዕጢ፣ ሁሉም ያበዙታል። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ደግሞ ለብቻው ነው። ጣፊያ በተለመደው ጊዜ ከፕላትሌት አንድ ሦስተኛውን ያህል ይዞ የሚያቆይ አካል በመሆኑ፣ ሲወጣ ቁጥሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚያ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ጣፊያ ካነሣን ዘንድ ለዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ አሳሳች የሆነውን ነገር መናገር ያስፈልጋል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ በቆላማው የመተማ በኩል ለቀን ሥራ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ካላዛር ይይዛቸዋል፤ ወባም አለ። ሦስቱም ጣፊያ ያሳብጣሉ። ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌትን ወደ ውስጡ ስለሚሰበስብ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። እንግዲህ መቅኒው በእርግጥ ታሞ ከመጠን በላይ እያመረተ ያለ ሰው ጣፊያው ካበጠ፣ ወረቀቱ ላይ የሚታየው «መደበኛ» ቁጥር ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የሆድ ደም ሥሮች በረጋ ደም ተዘግተው ሆድ ሲነፋ «ቢልሃርዚያ ነው» ወይም «ጉበቱ ነው» ተብሎ መታለፍ ይመጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ወይም የፖርታል (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው) ደም ሥር መዘጋት የተገኘበት ወጣት ሰው፣ ፕላትሌቱ ከፍ ባይልም እንኳ፣ የመቅኒ በሽታ ምርመራ ይገባዋል።

መቅኒው በራሱ ሲያበዛ

ከውጭ ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ መቅኒው በራሱ ፈቃድ የሚያበዛበት በሽታ ኢሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ ይባላል፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የመቅኒ ፕላትሌት መብዛት» እንበለው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ መነሻው ግን ለሰባት ዐሥርት ዓመታት አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃክ 2 በተባለ ዘረ-መል ላይ የሚከሰት አንድ ለውጥ ተገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ኤምፒኤል፣ በ2013 ደግሞ ካልረቲኩሊን የተባሉት ታወቁ። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጃክ 2፣ ሩብ ያህሉ የካልረቲኩሊን፣ ጥቂቶች የኤምፒኤል ለውጥ አላቸው፤ ከዐሥር አንድ የሚሆኑት ላይ ሦስቱም አይገኙም። ለውጡ በአንድ የመቅኒ እናት ሕዋስ ላይ ከተወለዱ በኋላ የሚከሰት ስለሆነ በአብዛኛው ከወላጅ አይወረስም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ «ፕላትሌት አምርት» የሚለው ምልክት ሆርሞኑ ሳይደርስም እንደ በራ ይቀራል።

ታዲያ ካንሰር ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በምደባው ከመቅኒ አብዢ የደም ዕጢዎች ጎራ ስለሚያስቀምጠው በሙያው ቋንቋ አዎ ነው። ቤተሰብ «የደም ካንሰር» ሲባል በአእምሮው የሚመጣለት ግን በሳምንታት የሚገድለው ሉኪሚያ ነው፤ ይህ በሽታ ያ አይደለም። በአግባቡ ክትትል የሚደረግለት ታማሚ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራል፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሉኪሚያ የሚለወጥባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ መቅኒው በጊዜ ብዛት ይጠጥራል።

የዕለት ተዕለቱ አደጋ ሌላ ነው፤ የደም መርጋት። አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ፣ ልብ ላይ ሲሆን የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ እግር ላይ ሲሆን ያበጠና የሚያቃጥል ባት። ከትልቁ አደጋ በፊት የሚመጡ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ለደቂቃዎች ዐይን ላይ የሚጋረድ ብዥታ፣ የጣት ጫፍ መደንዘዝ። ከሁሉ የሚለየው ምልክት የውስጥ እግርና የመዳፍ መቅላትና እንደ እሳት መንደድ ነው፤ ታማሚው እግሩን ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲያሳርፍ ይሻለዋል፣ በትንሽ አስፕሪንም ቶሎ ይለቀዋል። ይህን ሕመም የያዘው ሰው ለዓመታት «ነርቭ ነው»፣ «ሪህ ነው» እየተባለ የቫይታሚን መርፌ ሲወጋ መቆየቱ እንግዳ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚገርመው ሌላው ገጽታ ደም መፍሰስ ነው። ደም አርጊው በዝቶ እንዴት ይደማል? ቁጥሩ በተለይ ከ1,000,000 ሲያልፍ ፕላትሌቶቹ ቮን ዊለብራንድ የተባለውን፣ ደም ለመርጋት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን በላያቸው ጠርገው ስለሚያነሡት ይጎድላል። በዚህ ሁኔታ ላይ አስፕሪን መጨመር የጨጓራ መድማትን ሊያስከትል ይችላል። «ደሜ ወፍሯል» ብሎ ከፋርማሲ አስፕሪን ገዝቶ መጀመር አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው በየትኛው ቅደም ተከተል?

እዚህ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይጋጫሉ። አንዱ ወገን «የዘረ-መል ምርመራው ቁርጡን ስለሚያሳውቅ በእሱ ይጀመር» ይላል። ሌላው «በአገራችን ብረት እጥረትና ኢንፌክሽን በበዛበት ሁኔታ ሁሉንም ሰው ለውድ ምርመራ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው» ይላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ለሁለተኛው ያደላል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። ታማሚው ስትሮክ ወይም ሌላ የደም መርጋት ከደረሰበት፣ ጣፊያው ካበጠ ወይም ቁጥሩ ከሚሊዮን ካለፈ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ለሌላው ሰው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲቢሲውን መድገም፣ ስሚር ማየት፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲን መለካት፣ ብግነትን የሚጠቁሙትን ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ መሥራት፣ ሰገራ መመርመርና ደረት ማዳመጥ ይቀድማል። እነዚህን ለመሥራት ከከተማ መውጣት አያስፈልግም።

ፌሪቲን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ላይ ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል፣ «መደበኛ ነው» የተባለው ሰው ብረት ሊያንሰው ይችላል። ብረት አንሶ ከተገኘ ትሉም እጥረቱም ይታከማል፤ ብረቱ ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ሁለት ሦስት ወር ይቀጥላል። ሲቢሲው ሲደገም ፕላትሌቱ ከወረደ ጉዳዩ አለቀ። ካልወረደ ምርመራው ይቀጥላል፤ ብረቱ ሲሞላ ሄሞግሎቢኑ ከመጠን በላይ ማሻቀብ ከጀመረ ደግሞ፣ የብረት እጥረቱ ሌላ የመቅኒ በሽታ፣ ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛውን ፖሊሳይቲሚያ ቬራን፣ ሸፍኖት ነበር ማለት ይቻላል።

የቆዩ ውጤቶች ከሚገመተው በላይ ዋጋ አላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ለወሊድ ክትትል ወይም ለወባ ጥርጣሬ የተሠራ ሲቢሲ ቤት ውስጥ ካለ፣ ቁጥሩ አዲስ የወጣ ይሁን ወይም ቀድሞም የነበረ ይሁን ያለ ምንም ወጪ ይነግራል። የቀድሞው ወረቀት 250፣ የዛሬው 700 ከሆነና ሰውየው ከሁለት ሳምንት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥያቄው በአብዛኛው ተመልሷል። ሁለቱም 700 ከሆኑ ደግሞ ቀጣዩ ደረጃ አስፈላጊ ነው።

ቀጣዩ ደረጃ የሦስቱ ዘረ-መሎች ምርመራ ነው፤ በመጀመሪያ ጃክ 2። ጎን ለጎን ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለው መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ አንዳንዴ በፕላትሌት መብዛት ብቻ ይገለጣል፣ ሕክምናው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ለዚያ በሽታ ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን አለ፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ለብዙ ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፍ ድጋፍ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። ሁለቱን በሽታዎች ማምታታት ማለት በቂ መድኃኒት ያለውን ሰው ያለ መድኃኒቱ ማስቀረት ነው።

የመቅኒ ናሙናም ያስፈልጋል። ከዳሌ አጥንት በስተኋላ፣ ቦታው ከደነዘዘ በኋላ፣ በመርፌ ፈሳሹ ይሳባል፤ ቀጥሎም እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች የአጥንት ቁራጭ ትወሰዳለች። ለዚህ በሽታ ወሳኙ ቁራጩ ነው፤ በእሱ ላይ የግዙፎቹ ሕዋሳት ብዛትና ቅርጽ፣ እንዲሁም መቅኒው መጠጠር መጀመሩ ይታያል። ሕዝቡ ይህን ምርመራ ከአከርካሪ ፈሳሽ ጋር እያምታታ «ሽባ ያደርጋል» ይላል። መርፌው ግን አከርካሪ አጠገብ አይደርስም፤ ለጥቂት ሰከንዶች የሚሰማ ጥልቅ ሕመም ግን አለው፣ ይህን መደበቅ ለታማሚው አይጠቅምም።

አንድ የላቦራቶሪ ጉዳይ ለባለሙያዎች፦ ፕላትሌት በጣም የበዛበት ደም በቱቦ ውስጥ ሲረጋ ፖታስየም ይለቃል፤ ውጤቱም ለልብ የሚያሰጋ ከፍተኛ ፖታስየም መስሎ ይወጣል። ታማሚው ደኅና ሆኖ ፖታስየሙ ካስደነገጠ፣ ማስወገጃ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ባልረጋ ደም ደግሞ መለካት ይገባል።

ሕክምናው፦ ቁጥሩ ወይስ አደጋው?

ሕክምናውን በተመለከተ ትልቁ አለመግባባት እዚህ ጋ ነው። ታማሚው ቁጥሩ እንዲወርድለት ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜህ ስንት ነው፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶብህ ያውቃል፣ የትኛው ዘረ-መል ነው የተለወጠው የሚለውን ነው። ከ60 ዓመት በታች የሆነ፣ ደም ረግቶበት የማያውቅና ጃክ 2 የሌለበት ሰው ቁጥሩ 800,000 ቢሆንም አደጋው በጣም ዝቅተኛ ነው። ደም የረጋበት ሰው ግን፣ ወይም ከ60 በላይ ሆኖ ጃክ 2 ያለበት፣ ቁጥሩ 500,000 ብቻ ቢሆንም ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው። ጥናቶች የቁጥሩ ከፍታና የደም መርጋት ቀጥተኛ ዝምድና እንደሌላቸው ደጋግመው አሳይተዋል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ የራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ እነሱን መቆጣጠር የሕክምናው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አስፕሪን በትንሽ መጠን፣ በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም፣ ለአብዛኛዎቹ ይታዘዛል። ማስረጃው ግን ሰው እንደሚያስበው የጠነከረ አይደለም፤ በከፊል ከፖሊሳይቲሚያ ቬራ ጥናቶች የተወሰደ ነው። ካልረቲኩሊን ለተለወጠባቸው ዝቅተኛ አደጋ ያላቸው ሰዎች አስፕሪን መርጋትን ሳይቀንስ መድማትን እንደሚጨምር ያመለከተ ጥናት አለ። በሌላ በኩል ፕላትሌታቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ በቀን አንዴ የሚወሰደው አይበቃም የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ጨጓራ መድማት በሚበዛበት አገር፣ አስፕሪን ከመጀመሩ በፊት ኤች ፓይሎሪን መርምሮ ማከም አስተዋይነት ይመስላል።

ከፍተኛ አደጋ ላላቸው ቁጥሩን የሚያወርድ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ምርጫ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው የ500 ሚሊ ግራም እንክብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የጣሊያን ጥናት 114 ከፍተኛ አደጋ ያላቸውን ታማሚዎች ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 3.6፣ ካልወሰዱት ከመቶ 24 ላይ ደም ረጋ። በ2005 በብሪታንያ 809 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ሃይድሮክሲዩሪያን አናግሬላይድ ከተባለ ሌላ ቁጥር አውራጅ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ፣ ሁለቱም ቁጥሩን እኩል ቢያወርዱም አናግሬላይድ በወሰዱት ላይ የደም ቅዳ መርጋትና ከባድ መድማት በዝቶ አገኘ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ውጤቱ ሲለያይ፣ ቁጥሩን ብቻ ማሳደድ የማያዋጣበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ሃይድሮክሲዩሪያ በረጅም ጊዜ ሉኪሚያ ያስከትላል የሚል ሥጋት አለ፤ ለብቻው ሲወሰድ ይህን እንደሚያደርግ አልተረጋገጠም፣ ሆኖም ለወጣቶች ሲታዘዝ አንዳንድ ሐኪሞች ያመነታሉ። ለእነሱ ኢንተርፌሮን የተባለው መርፌ አማራጭ ነው፤ ዋጋውና በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት መሆኑ ግን ለእኛ ሁኔታ ከባድ ያደርገዋል።

መድኃኒቱን ይዞ ባሕር ዳር ላይ መኖር

ሃይድሮክሲዩሪያ ነጭ የደም ሕዋስንም ስለሚቀንስ በመጀመሪያ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ በኋላ በየሁለት ሦስት ወሩ ሲቢሲ ያስፈልገዋል። እዚህ ከተማ ከክረምት በኋላ ያተኮሰው ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይላል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው የወባ ምርመራ ብቻ አይበቃውም፤ ነጭ ሕዋሱ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ጥፍር ይጠቁራል፣ አፍ ይቆስላል፣ አልፎ አልፎ ቁርጭምጭሚት አጠገብ የማይድን ቁስል ይወጣል፤ ይህ የመጨረሻው መድኃኒቱን ለመቀየር ምክንያት ነው። ቆዳ ለፀሐይ ስለሚሳሳ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እርሻ ወይም ታንኳ ላይ የሚውል ሰው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልገዋል።

ጾም ሌላው ጥያቄ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው አስፕሪኑን ጠዋት በባዶ ሆድ መዋጥ የለበትም፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ጾም ከፈታ በኋላ ከምግብ ጋር ይውሰደው፣ ሰዓቱንም አይቀያይር። በረመዳን የሚጾሙትም በኢፍጣር እንዲሁ። ውኃ ማነስ ደም መርጋትን ስለሚያግዝ ማታ በቂ መጠጣት ያስፈልጋል። ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ቢያማክር መልካም ነው።

በጣና ገዳማትና በየደብሩ ጸበል የሚጠመቁ ታማሚዎች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በአደባባይ አስተምረዋል፤ ለዚህም ያው ይሠራል። ሃይድሮክሲዩሪያ ሲቋረጥ ቁጥሩ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መጨመርም ከአስፕሪን ጋር ተደምሮ ያደማል፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ የአስፕሪኑን ሥራ ያግዳል። ፓራሲታሞል የተሻለ ነው።

ለሴቶች የተለየ ጥንቃቄ አለ። በሽታው ያለባት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንሱ የመጨንገፍ ዕድሉ ይጨምራል። ሃይድሮክሲዩሪያ በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ ባልም ቢሆን ልጅ ከማሰቡ ወራት በፊት ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን መርጋትን ስለሚጨምር አይመከርም። በተደጋጋሚ የጨነገፈባት ሴት ሲቢሲ ላይ ፕላትሌቷ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ማንም ከሕመሙ ጋር ባያገናኘው እንኳ፣ ሐኪሟ ዘንድ ወረቀቱን ይዛ መሄዷ ተገቢ ነው።

ታማሚው ይጓዝ ወይስ ቱቦው?

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የተባሉ ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት፤ ጎንደርም ቅርብ ነው። ሆኖም «የደም ስፔሻሊስት» ሲባል አሁንም የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በዘለቀው ግጭት የየብስ መንገዱ በየጊዜው ስለሚቋረጥ፣ ጉዞው ለገጠር ታማሚ ከወጪም በላይ ሆኗል። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሚያልፈው የሪፈር ሰንሰለትም ጊዜ ይበላል።

ስለ መፍትሔው ባለሙያዎች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ የዘረ-መል ላቦራቶሪ እዚሁ ይቋቋም ይላሉ፤ የተወሰኑት ደግሞ በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ሁለት ላይ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ማሽኑ ተገዝቶ ሥራ ፈት እንዳይሆን ይሠጋሉ። ሁለተኞቹ ሥጋታቸው ተገቢ ቢሆንም የሚያቀርቡት አማራጭ፣ ታማሚውን መላክ፣ አስፈላጊ አይደለም። የጃክ 2ም ሆነ የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራ የሚፈልገው ከክንድ የተቀዳ ደም ነው። ለጃክ 2 ቱቦው በቅዝቃዜ ተይዞ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ቢሲአር-ኤቢኤል ቶሎ መድረስ ቢኖርበትም በአውሮፕላን ለሚሄድ ዕሽግ አይከብድም። የመቅኒ ቁራጩም በፎርማሊን ተነክሮ ይጓዛል። ስለዚህ አከራካሪው ሥራ ማሽን መግዛት ሳይሆን ናሙናውን ማን እንደሚልክ፣ ማን እንደሚከፍልና ውጤቱ ለየትኛው ሐኪም እንደሚመለስ መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክትትል፣ ማለትም ሲቢሲ፣ የደም ግፊት መለካትና የመድኃኒት መጠን ማስተካከል፣ በየወሩ ደርሶ መልስ ጉዞ ሳያስፈልግ በውስጥ ደዌ ሐኪም እጅ እዚሁ ሊከናወን ይችላል፤ የሃይድሮክሲዩሪያው አቅርቦት ካልተቋረጠ።